ኦዲዮማክ፣ ቡምፕሌይና ባለክፍያ አከፋፋዮች፦ ለምዕራብ አፍሪካ ወጣት ራፐርና ሬጌ አቀንቃኝ የቱ ያዋጣል?

የአይቮሪ ኮስቱ አልፋ ብሎንዲ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሬጌን በዲዩላ ቋንቋ ሲያዜም፣ ዳካር ላይ ደግሞ ፖዚቲቭ ብላክ ሶል የተባለው የራፕ ቡድን በ1989 ሲመሠረት፣ ዘፈን ከስቱዲዮ ወጥቶ ሰው ጆሮ የሚደርሰው በካሴት ነበር (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካሴት አሳታሚ ይፈልጋል፤ አሳታሚው ፊቱን ካዞረ ሥራው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ዛሬ በጋናዋ ኩማሲ ድሪል የተባለውን የራፕ ዓይነት የሚሠራ፣ ዳካር አጠገብ ባለችው ፒኪን ውስጥ በወሎፍ ራፕ የሚያደርግ ወይም በጊኒዋ ኮናክሪ ውስጥ ሬጌ የሚያዜም ወጣት የማንንም ደጅ ሳይጠና ሥራውን ይለቃል። ጥያቄው የሚጀምረው ከለቀቀ በኋላ ነው፦ ማን ሰማው፣ ስንት ተከፈለ፣ የተከፈለውስ በየት አድርጎ ኪሱ ይገባል?

እዚህ የምንመዝነው ሦስት ዓይነት አገልግሎት ነው። አንደኛው ዘፋኙ ራሱ በነፃ የሚጭንበት ኦዲዮማክ ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ስልክ ላይ አብሮ ተጭኖ የሚመጣው ቡምፕሌይ፤ ሦስተኛው ደግሞ ሥራውን ተቀብለው ወደ ስፖቲፋይ፣ አፕል ሚዩዚክ፣ ዩቲዩብ ሚዩዚክና ሌሎቹ የሚልኩት አከፋፋዮች፣ ማለትም ዲስትሮኪድ፣ ቲዩንኮር፣ ሲዲ ቤቢ፣ ራውትኖትና መሰሎቻቸው ናቸው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ መነሻው ኦዲዮማክ ይሁን። አከፋፋይ ሲመረጥ ደግሞ ከዋጋው በፊት ገንዘቡን እናንተ ወዳላችሁበት አገር በምን መንገድ እንደሚልክ ይታይ። ወጣቶቹ ገንዘብ የሚያጡት ደካማ አገልግሎት ስለመረጡ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ኪሳራ የሚመጣው ዘፈኑ ሊለቀቅ ሌሊቱ ሲቀረው በጥድፊያ ከሚሞላው ቅጽ ነው።

ኦዲዮማክ

ኒውዮርክ ውስጥ በ2012 የተመሠረተ ነው። መጫኛው ነፃ ነው፤ በዘፈን ብዛት ላይም ገደብ የለውም። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ የተወደደበት ምክንያት ግን ሌላ ነው፦ አድማጩ ሳይከፍል ዘፈን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መስማት ይችላል። አብዛኛው ወጣት ኢንተርኔት የሚገዛው በቀን ወይም በሳምንት ጥቅል በሆነበት አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋይፋይ ያገኘ ቦታ ያወርዳል፣ ታክሲ ውስጥ ይሰማል። ኩባንያው ሌጎስ ላይ ቢሮ ከፍቷል፤ በ2021 ደግሞ ከቴሌኮም ኩባንያው ኤምቲኤን ናይጄሪያ ጋር ስለ ኢንተርኔት ጥቅል ተስማምቷል። ከዚያው ዓመት ጀምሮም በኦዲዮማክ የተሰማ ዘፈን በአሜሪካው ቢልቦርድ ሰንጠረዥ ስሌት ውስጥ ይገባል።

ድክመቱ ክፍያው ላይ ነው። ዘፈን መጫን ማለት ገቢ መጀመር ማለት አይደለም፤ የገቢ ፕሮግራሙ ለብቻው ማመልከቻ አለው፣ የሥራው ሙሉ መብት የአመልካቹ መሆን አለበት። የሌላ ሰው ቢት (የተዘጋጀ የመሣሪያ ቅንብር) ላይ በነፃ የተቀዳ ፍሪስታይል ተደማጭነት ያመጣ ይሆናል፤ ገንዘብ ግን አያመጣም። በማስታወቂያ የሚሰማ ዘፈን ደግሞ በደንበኝነት ክፍያ ከሚሰማው ያነሰ ያስገኛል። አድማጮች ለአንድ ዘፈን በፈቃዳቸው ገንዘብ የሚሰጡበት የድጋፍ መስጫ አለ። ለሚያቆለጳጵስ አድማጭ ላለው ሰው ጠቃሚ ነው፤ ገና ለጀመረ ግን ቁጥሩ የሚያሳፍር እንዳይሆን ከወዲሁ ባይመካበት ይሻላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። ዘፈኑን በእጃቸው ኦዲዮማክ ላይ ይጭናሉ፤ ከወር በኋላ አከፋፋይ ሲይዙ ያንኑ ዘፈን ወደ ሁሉም መደብር (ማሰራጫ አገልግሎት) ይልካሉ። አከፋፋዩ ኦዲዮማክንም ዝርዝሩ ውስጥ ስላለው አንድ ዘፈን ሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ ተደማጭነቱ ለሁለት ይከፈላል፣ አስተያየቱና ፕሌይሊስት (ተመርጠው የተደረደሩ ዘፈኖች ዝርዝር) ውስጥ የገባበት ቦታም እንዲሁ። የቆየውን ማጥፋት የተሰበሰበውን ቁጥር አብሮ ያጠፋል። መፍትሔው በአከፋፋዩ የመደብሮች ዝርዝር ላይ ኦዲዮማክን አለመምረጥ፣ በእጅ የተጫነውን እዚያው እያስተዳደሩ መቀጠል ነው።

ፋይሉ ላይም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ፕሮዲዩሰሩ ለናሙና የላከውን 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 የሚጭን ሰው ብዙ ነው። ኦዲዮማክ እንደ ማንኛውም ማሰራጫ ፋይሉን እንደገና ያጭቀዋል፤ ሁለት ጊዜ የታጨቀ ድምፅ መጀመሪያ የሚበላሸው ሃይሃቱ (የከበሮው ጥንድ ጸናጽል) ላይ ነው፤ “ጽ ጽ” ማለቱ ቀርቶ በቧንቧ እንደሚወርድ ውሃ ይንሿሿል። ሁልጊዜ ዋቭ ፋይል፣ ቢያንስ 16 ቢትና 44.1 ኪሎኸርዝ ይጠየቅ። በዋትስአፕ ከተላከም እንደ ሰነድ ተያይዞ ይላክ።

ቡምፕሌይና ትልልቆቹ

ቡምፕሌይ በ2015 ናይጄሪያ ውስጥ ተጀመረ። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ስልኮች ላይ አብሮ ተጭኖ ስለሚመጣ፣ አዲስ ስልክ የገዛ ሰው ምንም ሳያወርድ ያገኘዋል። ዋጋው ረከስ ባለ ስልክ ለሚሰማ አድማጭ የሚዘፍን ሰው ሊተወው አይገባም፤ አከፋፋይ ሲመረጥም ቡምፕሌይ ዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ ማረጋገጥ ነው። ከዚህ በላይ ብዙ የሚባልለት ነገር የለም።

ስፖቲፋይ ሴኔጋልን፣ ጋናንና ናይጄሪያን ጨምሮ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች የገባው በየካቲት 2021 ነው። ሁለት ደንቦቹ ጀማሪን በቀጥታ ይነካሉ። ከ2024 ጀምሮ አንድ ዘፈን ባለፉት 12 ወራት ውስጥ 1,000 ጊዜ ካልተሰማ ምንም አይከፈልበትም። በዚያው ዓመት ደግሞ በተገዛ ተደማጭነት የተሞላ ዘፈን ሲገኝ አከፋፋዩን መቅጣት ተጀመረ፤ አከፋፋዩም ቅጣቱን ወደ ዘፋኙ ሊያወርደው፣ ዘፈኑንም ሊያነሳው ይችላል። “10,000 ተደማጭነት በ15 ዶላር” የሚል መልእክት በኢንስታግራም የሚልክ ሰው የሚሸጠው ይህንን ቅጣት ነው። አገልግሎቱ ፕሌይሊስት ማስገባት ተብሎ ስሙ ቢያምርም ያው ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ከዚህ ቀደም አንድም አድማጭ ካልነበረበት የሩቅ ከተማ በሁለት ቀን ውስጥ ሺህ ተደማጭነት ይመጣል፣ ዘፈኑን ግን ማንም አያስቀምጠውም፣ ገጹንም ማንም አይከተለውም።

ስፖቲፋይ ለእያንዳንዱ ተደማጭነት የሚከፍለው ቋሚ ዋጋ እንደሌለም መታወቅ አለበት። ከእያንዳንዱ አገር ከተሰበሰበው ገቢ ዘፈኑ ያገኘው ድርሻ ይሰላል። የደንበኝነት ዋጋው ሌጎስና ዳካር ውስጥ ከፓሪስ ያነሰ ስለሆነ፣ ፓሪስ ውስጥ የተሰማ አንድ ዘፈን ከሌጎሱ የበለጠ ያመጣል። ለዚህ ነው ዲያስፖራው ለአቢጃንና ለባማኮ ልጆች ይህን ያህል ዋጋ ያለው። የከተማ ዝርዝሩን በየወሩ የሚያይ ዘፋኝ፣ ፓሪስ ወይም ሞንትሪያል ከአምስቱ ቀዳሚ ከተሞች ውስጥ ስትገባ ያንን ገጽ ፎቶ አንስቶ ለኮንሰርት አዘጋጅ ማሳየት ይችላል። ከተከታዮች ብዛት ይልቅ አዘጋጁን የሚያሳምነው የትኛው ከተማ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚሰማ ነው።

ዩቲዩብ ላይ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ተከታይ፣ እንዲሁም በ12 ወር ውስጥ 4,000 የመታየት ሰዓት ወይም በ90 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን የአጭር ቪዲዮ ዕይታ ያስፈልጋል። አከፋፋዩ ዘፈኑን ሲልክ ዩቲዩብ በዘፋኙ ስም ሌላ ገጽ በራሱ ይከፍታል። ያንን ከራስ ቻናል ጋር እንዲያዋህደው አከፋፋዩን መጠየቅ ካልታሰበበት አድማጩ ሁለት ቦታ ተበትኖ ይቀራል።

አከፋፋዮቹ

ዲስትሮኪድ በዓመት አንድ ጊዜ እየተከፈለ ያለ ገደብ ዘፈን የሚላክበት ነው፤ ዝቅተኛው ክፍያ ወደ 25 ዶላር ገደማ ነው። በወር አንድ ዘፈን ለሚለቅ ራፐር ይህ ርካሽ ነው። ነገር ግን ክፍያው ሲቋረጥ ዘፈኖቹ ከመደብሮች ሊነሱ ይችላሉ፤ እንዳይነሱ ለእያንዳንዱ ሥራ ለብቻው የሚከፈል ተጨማሪ አገልግሎት አለ። ሲዲ ቤቢ ለአንድ ሥራ አንድ ጊዜ ያስከፍልና ከገቢው 9 በመቶ ይወስዳል፤ ዓመታዊ ክፍያ የለውም። በሁለት ዓመት አንድ አልበም ለሚያወጣ ሬጌ አቀንቃኝ ይህ ይሻላል፤ ሬጌ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ከአምስት ዓመት በኋላም የሚሰማ ሙዚቃ ስለሆነ ዘፈኑ ሳይነሳ መቆየቱ ትልቅ ነገር ነው። ራውትኖት ያለ ክፍያ ይልካል፤ 15 በመቶ ይይዛል። ካርድ ለሌለው ጀማሪ በር ከፋች ነው። ቲዩንኮር ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ለአፍሪካ የተመደቡ ሠራተኞች አሉት፤ ችግር ሲገጥም አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ቀላል ጥቅም አይደለም።

ዋጋውን በተደማጭነት መመንዘር ይጠቅማል። ለስሌት እንዲመች 1,000 ተደማጭነት 1 ዶላር ያስገኛል እንበል። የ25 ዶላሩን ዓመታዊ ክፍያ ለመመለስ ብቻ 25,000 ተደማጭነት ያስፈልጋል። ይህን ያህል አድማጭ የሌለው ሰው ክፍያውን እንደ ማስታወቂያ ወጪ ይቁጠረው፣ ወይም በመቶኛ በሚወስደው ይጀምር።

ፍጥነትም መመዘን አለበት። ዳካር ላይ ራፐሮቹ ዙማንና ኬይቲ ከ2013 ጀምሮ ዜናን በራፕ ሲያቀርቡ፣ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ በዚያው ዓመት ራፐሩ ስሞኪና ሬጌ አቀንቃኙ ሳምስ ካ ለ ጃህ “የዜጎች መጥረጊያ” የተባለውን እንቅስቃሴ ሲመሠርቱ የታየው ነገር፣ የዚህ አካባቢ ራፕና ሬጌ ለዕለቱ ጉዳይ መልስ የሚሰጥ ሙዚቃ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ዘፈን ሳምንት መጠበቅ አይችልም። ለወቅታዊ ሥራ ኦዲዮማክና ዩቲዩብ በዕለቱ ይበቃሉ። ለአልበም መሪ ዘፈን ግን ከመልቀቂያው ቀን ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቀድሞ መላክ ያስፈልጋል። የስፖቲፋይ አዘጋጆች ዘፈኑን እንዲያዩት ማመልከቻው ቢያንስ 7 ቀን ቀድሞ መግባት አለበት፤ ዓርብ የሚለቀቀውን ሰኞ የላከ ሰው ዕድሉን ራሱ ዘግቷል።

ቅጹ ላይ የሚጠፋው ገንዘብ

እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን፤ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነውና።

መጀመሪያ የመድረክ ስም። በ“ጃህ”፣ በ“ራስ”፣ በ“ኪንግ”፣ በ“ያንግ” የሚጀምር ስም በሺህ ይቆጠራል። ስም ከመያዙ በፊት በስፖቲፋይ፣ በአፕል፣ በዩቲዩብና በኦዲዮማክ ተፈልጎ ይታይ። ተመሳሳይ ስም ካለ ዘፈኑ ሌላ አገር ባለ ሰው ገጽ ላይ ይወጣል፤ ማስተካከል ሳምንታት ይፈጃል፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ተደማጭነትም ለማያውቁት ሰው ይመዘገባል። አከፋፋዩ “ይህ አርቲስት ከዚህ በፊት ገጽ አለው?” ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ላይ መቸኮል አይገባም። ከተዘረዘሩት ውስጥ የእናንተ ከሌለ አዲስ ገጽ እንዲከፈት ይመረጥ።

ቀጥሎ የስም አጻጻፍ። በትዊና በባምባራ አጻጻፍ ውስጥ በተራ የስልክ ሰሌዳ ላይ የማይገኙ አናባቢዎች አሉ። አንዱን ዘፈን በትክክለኛው ፊደል፣ ሌላውን በተለመደው የላቲን ፊደል ከጻፉት ሁለት አርቲስት ይሆናሉ። አንዱን መርጦ ለዘለቄታው መያዝ ነው። እንግዳ ዘፋኝ ካለም ስሙ የዘፈኑ ርዕስ ውስጥ አይጻፍ፤ ለእንግዳ በተዘጋጀው ሳጥን ይግባ። ርዕስ ውስጥ ሲጻፍ ዘፈኑ የእንግዳው ገጽ ላይ አይታይም፤ ታዋቂ ሰው የጋበዘ ጀማሪ በዚህ ስህተት ትልቁን ጥቅሙን ያጣል።

የሽፋን ምስሉ ካሬ፣ 3,000 በ3,000 ፒክሰል ይሁን። የኢንስታግራም ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ “አሁን ወጥቷል” የሚል ጽሑፍ ወይም የመደብር አርማ ካለበት ይመለሳል። ለመንገድ ፖስተር የተሠራውን ምስል ቆርጦ መላክ የተለመደ ነው፤ ተመልሶ የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

አይኤስአርሲ የሚባለው ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ የቅጂው መታወቂያ ነው። አከፋፋዩ በነፃ ይሰጣል። አከፋፋይ ሲቀየር ያው የድሮው ቁጥር እንደገና መግባት አለበት፤ አዲስ ከተሰጠ የተሰበሰበው ተደማጭነት ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ከመልቀቅ ቀጥሎ ወዲያውኑ ቁጥሩን ማስታወሻ ላይ ማስፈር ይገባል። ሲቀየርም መጀመሪያ አዲሱ ይወጣል፣ ከአሮጌው ጋር መዋሃዱ ይታያል፣ ከዚያ ነው አሮጌው የሚነሳው።

ቢትና ሪዲም

ራፐሩም ሬጌ አቀንቃኙም ሳያውቁት የሚወድቁበት አንድ ጉድጓድ አለ። ራፐሩ ከኢንተርኔት ቢት ይከራያል። ኪራዩ ርካሽ የሚሆነው ያው ቢት ለሌሎችም ስለሚከራይ ነው። ሬጌው ደግሞ ከጃማይካ በመጣው ልማድ በአንድ ሪዲም (የጋራ የመሣሪያ ቅንብር) ላይ ብዙ ድምፃውያን ያዜማሉ። ሁለቱም ጋ የመሣሪያው ቅጂ የጋራ ነው። አከፋፋዩ ቅጽ ላይ ግን “ዩቲዩብ ላይ ዘፈንህን የተጠቀመ ሁሉ እንዲከፍል ትፈልጋለህ?” የሚል የኮንቴንት አይዲ ምርጫ አለ፤ ያልፈለገ ማን አለ? ምልክቱ ሲደረግ የዩቲዩብ ማሽን ያንን ቢት የአንድ ሰው ንብረት አድርጎ ይመዘግባል፣ በዚያው ቢት የዘፈኑትን ሁሉ ቪዲዮዎች ይይዛል፣ የማስታወቂያ ገቢያቸውንም ወደዚያ ሰው ያዞራል። የቢቱ ባለቤት ሲያማርር አከፋፋዩ የመዘገበውን ሰው አካውንት እስከመዝጋት ይደርሳል። ደንቡ አጭር ነው፦ ቢቱ በብቸኝነት ካልተገዛ፣ ሪዲሙም የብዙዎች ከሆነ ኮንቴንት አይዲ አይመረጥ።

የኪራይ ውሉ ሲመጣ አራት ነገር ይነበብ፦ እስከ ስንት ተደማጭነት እንደሚፈቅድ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ቪዲዮ መሥራት መፈቀዱ፣ የፕሮዲዩሰሩ የዜማና ቅንብር ድርሻ ስንት በመቶ እንደሆነ። “ነፃ” የተባለ ቢት አብዛኛውን ጊዜ ነፃነቱ ገንዘብ ለማያመጣ ሥራ ብቻ ነው።

ቡድን ሆኖ የሚሠራ ዘፈን የራሱ ጣጣ አለው። ከኩማሲ የወጣውን የድሪል እንቅስቃሴ የተመለከተ ሰው አንድ ዘፈን ላይ አራት አምስት ራፐር መሰለፉ የተለመደ መሆኑን ያውቃል። የኩማሲው ራፐር ያው ቶግ በ2020 ከጓደኞቹ ጋር የሠራው ዘፈን በ2021 እንግሊዛዊው ራፐር ስቶርምዚ ታክሎበት እንደገና ሲወጣ ይህ ዓይነቱ የሠፈር ሥራ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ታይቷል። ዘፈን ያን ያህል ርቆ ሲሄድ ድርሻው አስቀድሞ ያልተጻፈ ከሆነ ጓደኝነትም ገንዘብም ይጠፋል።

ድርሻ የሚጻፈው ቀረጻው ባለቀበት ቀን፣ ሁሉም ስቱዲዮ ውስጥ እያሉ ነው። አንድ ወረቀት ይበቃል፦ የዘፈኑ ርዕስ፣ ቀን፣ የእያንዳንዱ ሰው መታወቂያ ላይ ያለ ስም፣ የመድረክ ስም፣ ምን እንደሠራ፣ በመቶኛ ስንት እንደሚደርሰው፣ ስልክና ፊርማ። ሁለት ዓምድ መኖር አለበት፤ አንዱ ለቅጂው፣ አንዱ ለግጥምና ዜማው፤ ሁለቱ የተለያዩ መብቶች ናቸውና። ለግጥምና ዜማው ብዙ ጊዜ የሚሠራበት አከፋፈል ግማሹ ለቢቱ፣ ግማሹ ለግጥሙ ነው። አራት ራፐር ካለ ፕሮዲዩሰሩ 50፣ እያንዳንዱ ራፐር 12.5 በመቶ ይይዛል። ድምሩ 100 መሆኑ ይረጋገጥ፤ 105 የሆነ ወረቀት ብዙ ነው። ዲስትሮኪድ ገቢውን በመቶኛ ራሱ ለየሰዉ የሚያከፋፍል መሣሪያ ስላለው ወረቀቱን እዚያ መገልበጥ ይቻላል። ይህ ከአንድ ሰው እጅ ገንዘብ ከመጠበቅ ያድናል።

ድምፁ ስልክ ላይ እንዲሰማ

ማስተር ሲደረግ (ቅጂው ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻ ማስተካከያ ሲደረግለት) ጩኸትን ለማሳደግ መሽቀዳደም ዋጋ የለውም። ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ከ−14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) በላይ የጮኸውን ራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል፤ ተጨፍልቆ የጮኸው ዘፈን ዝቅ ሲል ከሌሎቹ የደከመ ይመስላል። ከፍተኛው ጫፍ −1 ዴሲቤል ላይ ይቁም።

ለሬጌ ትልቁ ችግር ቤዙ ነው። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ ገደማ ላይ ይጮኻል፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ያንን ጨርሶ አያወጣም። ዘፈኑ በስቱዲዮው ትልቅ ማጉያ ደረት ሲነዝር የነበረው ስልክ ላይ ጊታሩ ብቻ “ቻክ ቻክ” ሲል ይቀራል። ቤዙን ከፍ ማድረግ አይረዳም። የሚረዳው ቀለል ያለ ሳቹሬሽን (ድምፁን በጥቂቱ የሚያሻክር ማቀነባበሪያ) ጨምሮ 80፣ 120 እና 160 ኸርዝ አካባቢ ያሉት ተከታይ ድምፆች እንዲወጡ ማድረግ ነው፤ ጆሮ ከእነሱ ተነስቶ የታችኛውን ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። የድሪሉ ተንሸራታች 808ም (ኤሌክትሮኒክ ቤዝ) መድኃኒቱ ይኸው ነው። ከመላኩ በፊት ዘፈኑ በርካሽ ስልክ ማጉያ፣ ድምፁ ግማሽ ላይ ሆኖ ይሰማ፤ የቤዙ ዜማ እየተለየ መዘመር ከተቻለ ሚክሱ ደርሷል።

ገንዘቡ በየት ይመጣል?

እነዚህ አከፋፋዮች የሚከፍሉት በብዛት በኢንተርኔት የገንዘብ ማስተላለፊያዎቹ በፔይፓልና በፔዮነር ወይም በባንክ ሐዋላ ነው። ወጣቱ የሚኖረው ደግሞ በሞባይል ገንዘብ ነው፦ ጋና ላይ በኤምቲኤን ሞሞ፣ ሴኔጋልና አይቮሪ ኮስት ላይ በኦሬንጅ መኒና በዌቭ። በመካከሉ ያለው ክፍተት ነው ገንዘብ የሚያስቀረው። ጋና ፔይፓል አገልግሎት ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ሌላ አገር ውስጥ ያለ ሰውም አካውንቱ መላክ ብቻ የሚችል ይሁን መቀበልም የሚችል፣ ለአከፋፋዩ ከመክፈሉ በፊት ማጣራት አለበት። በውጭ ዘመድ ስም በተከፈተ ፔይፓል መቀበል የተለመደ መውጫ ነው፤ እኛ አንመክረውም፤ የመታወቂያ ማጣሪያ በመጣ ቀን ስሙ ስለማይገጥም ገንዘቡ ይታገዳል።

የሚሻለው መንገድ በራስ ስም የባንክ አካውንት ከፍቶ ፔዮነር ላይ ማያያዝ፣ ከባንኩ ደግሞ ወደ ሞባይል ገንዘብ ማዞር ነው። በየደረጃው ክፍያ ስላለ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ማውጣት አያዋጣም፤ ጠቀም ያለ ሲሆን አንዴ ማውጣት ይሻላል። ዌቭ ላይ ለሰው ለመላክ የሚቆረጠው 1 በመቶ ስለሆነ የቡድኑን ድርሻ ለማከፋፈል ጥሩ ነው። ሴኔጋል፣ አይቮሪ ኮስት፣ ማሊና ቡርኪና ፋሶ የሚጠቀሙበት ሴኤፍኤ ፍራንክ ከዩሮ ጋር በ655.957 የተሰፋ ስለሆነ በዶላር የሚመጣ ገቢ ከዩሮና ዶላር ምንዛሪ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ የቅናሹ ምክንያት ሁልጊዜ አከፋፋዩ አይደለም።

ግብሩ ደግሞ ብዙዎችን ያስደነግጣል። አሜሪካዊ አከፋፋይ ደብሊው-8ቤን የሚባል ቅጽ ያስሞላል። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው ከአሜሪካ አድማጮች የመጣው ሮያሊቲ (የሥራ መብት ክፍያ) ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል። የሚቆረጠው ከአሜሪካው ድርሻ ላይ ብቻ ነው፤ ከፓሪስና ከአክራ የመጣው አይነካም። ዩቲዩብ ላይ የግብር መረጃ ያልሞላ ሰው ግን ከዓለም ዙሪያ ካገኘው ጠቅላላ ገቢ እስከ 24 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል። ቅጹ ላይ የሚጻፈው መታወቂያ ላይ ያለው ስም ነው፤ የመድረክ ስም ከተጻፈ ይመለሳል። ከተፈረመበት ዓመት በኋላ ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ስለሚቃጠል መታደስ አለበት።

አከፋፋይ የማይሰበስበው ገንዘብም አለ። ዘፈኑ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በመድረክ ሲቀርብ ለግጥምና ዜማ ደራሲው የሚከፈለውን የሚሰበስቡት የየአገሩ የቅጂ መብት ድርጅቶች ናቸው፦ ሴኔጋል ውስጥ ሶዳቭ፣ አይቮሪ ኮስት ውስጥ ቡሪዳ፣ ጋና ውስጥ ጋምሮ፣ ማሊ ውስጥ ቡምዳ፣ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ቤቤዴአ፣ ናይጄሪያ ውስጥ ኤምሲኤስኤን። አባል መሆን ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ዘፈን ከድርሻ ክፍፍሉ ጋር መመዝገብ አለበት። ያ ስቱዲዮ ውስጥ የተፈረመው ወረቀት እዚህም ያገለግላል። ያልተመዘገበ ዘፈን በየቀኑ ሬዲዮ ላይ ቢወጣም ገንዘቡ የሚሄድበት ስም የለም።

ለማን የቱ?

ገና ከአምስት ያነሰ ዘፈን ላለው፣ አድማጩ የሠፈሩና የከተማው ልጅ ለሆነ ራፐር ኦዲዮማክና ዩቲዩብ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ፤ ቡምፕሌይን ለማግኘት ያለ ቅድሚያ ክፍያ የሚልክ አከፋፋይ ይጨመርበት። በየወሩ የሚለቅ፣ ከቡድን ጋር የሚሠራ፣ ገንዘብ መቀበያው የተስተካከለለት ዲስትሮኪድን ወይም ቲዩንኮርን ይያዝ። በረጋ መንገድ አልበም የሚሠራ፣ እንደ አቢጃኑ አቢ ሬጌ ባሉ ፌስቲቫሎች ላይ ዓይኑን የጣለ ሬጌ አቀንቃኝ አንዴ ተከፍሎ የሚዘልቀውን ይምረጥ፤ ከዓመታዊ ክፍያው የተረፈውን ገንዘብ ከባንድ ጋር በቀጥታ የተቀረጸ አንድ ጥሩ ቪዲዮ ላይ ያውለው፤ የፌስቲቫል አዘጋጅ በመጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ዳካር አጠገብ ፒኪን ውስጥ በ2006 የተመሠረተው አፍሪኩልቱርባንን የመሰለ የሂፕሆፕ ማዕከል በአቅራቢያው ያለ ሰው ቅጹን ብቻውን አይሙላ። ከዚህ በፊት ሦስት አራት አልበም ያሳለፈ ሰው አጠገብ ተቀምጦ፣ ኮንቴንት አይዲ የሚለው ሳጥን ጋ ሲደርስ እጁን ቢይዝለት ከየትኛውም አከፋፋይ የደንበኞች አገልግሎት ይበልጥበታል።